ምዕራፍ ስድስት፦ ዛፉን የሚጠብቅ ሰው መዝገቡንም ይይ

በወላይታ ዞን፣ ሁምቦ ወረዳ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ካሉት ተራሮች ባንዱ ላይ ያለ አንድ ጉቶ እንመልከት። ዛፉ ከተቆረጠ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከላይ ሲያዩት የሞተ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ሕያው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎኑ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ቀንበጥ ያወጣል። በጋ ሲገባ ፍየል ይግጠዋል፤ ከፍየል የተረፈውን ማገዶ ለቃሚ ይቀነጥበዋል። እንዲህ እየሆነ ዛፍ መሆን አቅቶት ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል።

አንድ ሰው ገጀራ ይዞ ወደ ጉቶው ይጠጋል። ከቀንበጦቹ ቀጥ ያሉትንና ጠንከር ያሉትን ሦስት ወይም አራት ይመርጣል፤ ሌላውን ከሥሩ ይመለምላል። ባስቀራቸውም ላይ የታች የታቹን ቅርንጫፍ ያነሣል። ሥራው ይኸው ነው። ችግኝ የለም፣ ጉድጓድ መቆፈር የለም፣ ውኃ ማመላለስ የለም። የሚቀረው ከብትና መጥረቢያ እንዳይደርስበት መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሥሩ የቆየና የተንሰራፋ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰው ቁመት ያልፋል።

ይህን ዘዴ በኒጀር ገበሬዎች መካከል ያስፋፋው ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ‹ራይት ላይቭሊሁድ› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት የአዋጅ ቁጥሮች ላይ ካሉት በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁምቦ ላይ ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ጋር ሆኖ በዚሁ መንገድ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም አደረገ። አብዛኛው ደን የተመለሰው ከነዚያው ጉቶዎች ነው። በታኅሣሥ 2009 ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት ሥር በነበረው የንጹሕ ልማት ስልት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚያ ስልት የተመዘገበ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ። የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ባዮካርበን ፈንድም ከሚያድገው ደን 165 ሺህ ቶን ካርበን ለመግዛት ተዋዋለ።

ካርበን መግዛት ማለት ምን ማለት ነው? የሜትር ገመድ ይዘን እዚያው ዛፍ ሥር እንቁም። ለኪው ከመሬት 130 ሴንቲሜትር ላይ፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው፣ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ ያዞርና ቁጥሩን ይመዘግባል። ከውፍረቱ ተነሥቶ የዛፉ ደረቅ ክብደት ይሰላል። መቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት አለን እንበል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ 50 ኪሎ ገደማ፣ ካርበን ነው። ይህ ካርበን አየር ላይ ሳለ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ስለነበር ክብደቱ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነበር፤ ስለዚህ 50 ኪሎው ካርበን ከአየር የተሳበ 183 ኪሎ ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስሌት በተመረጡ የናሙና ቦታዎች ላይ ይሠራና ለጠቅላላው ደን ይባዛል። ካርበን ዳይኦክሳይዱ አንድ ቶን ሲሞላ አንድ ‹ክሬዲት› ይባላል። ገዢው ዛፉን አይወስድም፤ መሬቱንም አይወስድም። የሚወስደው ‹በእኔ ምትክ ይህን ያህል ጋዝ ከአየር ተነሥቷል› የሚያሰኝ የምስክር ወረቀት ነው።

‹ክሬዲት› የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። በእኛ አገር ጆሮ ክሬዲት ብድር ነው። ማዳበሪያ በብድር ወስዶ ዕዳው ያስጨነቀው ገበሬ ‹ከተራራህ ላይ ክሬዲት ይመጣል› ሲባል ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እኔ ‹የካርበን ምስክር ወረቀት› ቢባል እመርጣለሁ፤ ግን ቃሉ ስለተለመደ ይቆይ። ቁም ነገሩ፣ በሕዝብ ስም የሚሸጠው ዕቃ ስሙ እንኳ ለሕዝቡ ግልጽ ሳይሆን ገበያ መውጣቱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለ165 ሺህ ቶኑ የሚከፈለው ቢያንስ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ጥቂት እንደሚበልጥ የዓለም ባንክ በጊዜው አስታውቆ ነበር። ሲካፈል አንዱ ቶን አራት ዶላር ከምናምን ይሆናል ማለት ነው። ቅድም የለካነው መቶ ኪሎ እንጨት አንድ ዶላር አይሞላም። ሁምቦ ላይ ደኑን የያዙት ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ በአማካይ ለአንዱ ማኅበር በዓመት 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ይደርሰው ነበር ማለት ነው። ለወፍጮ ቤት፣ ለእህል መጋዘን ይሆን ነበር። በየቤቱ እናከፋፍል ቢባል ግን የአንድ በግ ዋጋ መሙላቱን እጠራጠራለሁ።

ይህን የማነሣው ፕሮጀክቱን ለማሳነስ አይደለም። ሁምቦ ላይ የተራቆተ ተራራ ለብሷል፤ ሣር ታጭዶ ለከብት ይወሰዳል፤ ከምልመላው የወጣው ጭራሮ ማገዶ ሆኗል። ማኅበራቱ በደኑ የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተረጋግጦላቸዋል። በኔ ግምት ከዶላሩ ይልቅ ሰውን ያሳመነው ይህ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ላይ ነዋሪው የፈራው መሬቱን መንግሥት ሊወስድብን ነው ብሎ ነበርና። ተራራ ‹ለደን› ተብሎ ተከልሎበት፣ በኋላ እግሩን እንዳያነሣበት የተደረገ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ ምዕራፉም የተጻፈው ስለ እሱ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ደኑን በገንዘብ ብቻ ማስጠበቅ አይቻልም። ደኑን ሌሊትና ቀን የሚያይ ዘበኛ ሺህ ቢቀጠር አይበቃም። የምስክር ወረቀቱን የሚያጸድቀው ገለልተኛ አረጋጋጭ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ይመጣል፤ ናሙና ለክቶ፣ ሪፖርት ጽፎ ይሄዳል። በመካከሉ ደኑ ቢጨፈጨፍ የሱ መምጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ገዢው በተጨባጭ የሚገዛው የጎረቤትን ዐይን ነው። በየቀኑ ተራራውን የምታየው ውኃ ቀጂዋ ናት፤ የመጥረቢያ ድምፅ የሚሰማው እረኛው ነው። እነሱ ‹የኛ ነው› ካላሉ ምስክር ወረቀቱ ባዶ ወረቀት ነው። የኛ ነው የሚሉት ደግሞ የቶኑና የገንዘቡ መዝገብ ሲገለጥላቸው ነው።

እንዲህ ያለው ጥበቃ ለኛ አዲስ አይደለም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ‹ቀሮ› በሚባል ሥርዓት ይተዳደር ነበር። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች የጓሳውን ሣር በጋራ ይይዙታል። ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይከለላል። ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ የተመረጡት አለቆች አይተው፣ ተመካክረው፣ ቀኑን ለሕዝብ አስነግረው ይከፍቱታል። ክልከላውን ጥሶ ሣር ያጨደ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል ይደርሳል። ሥርዓቱ በ1975 የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ሜዳውን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ በኋላ በአዲስ መልክ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተደራጀ፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ቀሮን እንዳለ እንመልሰው የሚል የለም፤ ከባለ ርስት ትውልድ ውጭ ላለ ሰው ቦታ ያልነበረው ሥርዓት ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ጠባቂውም፣ ከፋቹም፣ ተጠቃሚውም አንድ ሕዝብ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈት ለማወቅ ከሩቅ የሚመጣ ሪፖርት የሚጠብቅ አልነበረም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን በሚሠሩበት ሊባኖስም ተመሳሳይ ነገር አለ። ‹ሒማ› ይሉታል፤ ጥንት ዓረቦች የግጦሽ መሬትን በጋራ ስምምነት የሚከልሉበት ልማድ ነው። የሊባኖስ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ይህን ልማድ ከ2004 ጀምሮ ከየማዘጋጃ ቤቱ ጋር እየተስማማ እንደገና አስነሣው። ከቤይሩት በላይ በባዕብዳ ወረዳ ያለችው ሐማናም ሒማ ካወጁት ከተሞች አንዷ ናት። እዚያ የሚሸጥ ካርበን አላነሣም፤ የማነሣው ክልከላው ከዋና ከተማ በተላከ ትእዛዝ ሳይሆን በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት መወሰኑን ነው። ጥቅምት 2019 ላይ ከቤይሩት በስተ ደቡብ ያሉት ኮረብቶች ሲነዱ፣ ለእሳት ማጥፊያ የተገዙት የመንግሥት ሄሊኮፕተሮች ጥገና አጥተው ቆመው ነበር። ዜጎች በየሠፈራቸው ውኃ በባልዲ ይዘው ወጡ። ከሩቅ ያለ ጠባቂ ሲጎድል የሚደርሰው ቅርብ ያለው ነው።

ስለ ጎረቤት ዐይን የምናገረው በልማድ ብቻ ተመርቼ አይደለም። በባሌ፣ አዳባና ዶዶላ አካባቢ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው ነበር፤ በኦሮምኛ አኅጽሮት ‹ዋጂብ› ይባላሉ። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ታሰበ፤ አንድ ማኅበር ቢበዛ 30 አባወራ ሆኖ 360 ሄክታር ያዘ። ቁጥሩ የተወሰነው ሰው እርስ በርሱ እንዲተዋወቅ ተብሎ ይመስለኛል፤ የማያውቁትን ሰው መጠበቅ ከባድ ነው። ዴቬሽ ሩስታጊና ሁለት ባልደረቦቹ በባሌ 49 እንዲህ ያሉ ቡድኖችን አጥንተው ውጤቱን በ2010 ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት አወጡ። መጀመሪያ አባላቱን በገንዘብ ጨዋታ ፈተኗቸው፦ ሌላው ካዋጣ አንተስ ታዋጣለህ? ከዚያ ውጤቱን በየደኑ ካሉት ወጣት ዛፎች ቁጥር ጋር አነጻጸሩ። ‹ሌላው ከሠራ እኔም እሠራለሁ› የሚሉ ሰዎች የበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ደኑን የሚጠብቁት በቃል ብቻ አልነበረም፤ ጊዜያቸውን ሰውተው ይዘዋወሩ፣ ይቆጣጠሩ ነበር።

‹ሌላው ከሠራ እኔም እሠራለሁ› የሚለውን ሰው ልብ በሉት። በየእድሩ፣ በየእቁቡ የምናውቀው ሰው ነው። ወር በገባ መዋጮውን ይዞ ይመጣል። ሰብሳቢው ግን ገንዘብ ደብቋል ብሎ አንዴ ከጠረጠረ፣ በሚቀጥለው ወር ይቀራል። ጠብ አያነሣም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ደን ላይም እንዲሁ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከካርበን ገንዘቡ ሞተር ገዛ የሚል ወሬ ከተነሣ፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ መዝገቡ ካልተነበበ በቀር ያ ሰው በሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ ሲሰማ ከአልጋው አይነሣም።

ታዲያ መዝገቡ የት ነው ያለው? ፕሮጀክቱ ሲመዘገብ የሚቀርበው ሰነድ ብዙ ጊዜ ከመቶ ገጽ ያልፋል፤ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በንጹሕ ልማት ስልት ደንብ መሠረት ሰነዱ ለተወሰኑ ሳምንታት በኢንተርኔት ይለጠፍና ‹አስተያየት ያለው ይስጥ› ይባል ነበር። ወላይትኛ የሚናገር፣ መብራት ያልገባለት ገበሬ ማለት ነው አስተያየት ስጥ የተባለው። እርግጥ በቦታው ነዋሪውን ማወያየትም ግዴታ ነበር። ግን ውይይት ሲባል ምንድን ነው? የስብሰባ ቀን የመጣውን ሰው ቁጥር መመዝገብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ፊርማ መሰብሰብ ውይይት ሊባል ይችላል። ስልቱ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ‹ተበደልኩ› የሚል ነዋሪ አቤት የሚልበት መደበኛ የቅሬታ ሰሚ አካል አልነበረውም። በፓሪስ ስምምነት ሥር በተተካው አዲስ ሥርዓት የይግባኝና የቅሬታ መንገድ እንዲኖር የተወሰነው በ2024 ነው። ለዚህ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ መውሰዱ ያሳዝናል።

ያለ ተሳትፎ የተሠራው የት እንደሚደርስ ለማየት ድንበር ተሻግረን እስከ ኢሲዮሎ ብቻ እንሂድ። በሰሜን ኬንያ ቦረናና ሌሎች አርብቶ አደሮች በሚኖሩበት ሰፊ መሬት ላይ፣ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራዎችን ይዞ፣ ትልቅ የካርበን ፕሮጀክት ተመሥርቷል። ግጦሹ በዕቅድ ከተመራ አፈሩ ካርበን ይይዛል የሚል ነው። ነዋሪዎች በ2021 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጥብቅ ሥፍራዎቹ እኛን ሳያማክሩ ተቋቋሙ አሉ። በጥር 2025 ፍርድ ቤቱ ቢሊቆ ቡሌሳ የተባለውና አንድ ሌላ ጥብቅ ሥፍራ ያለ በቂ የሕዝብ ተሳትፎ፣ ከሕግ ውጭ ተቋቁመዋል ሲል ፈረደ። ቢሊቆ ቡሌሳ ደግሞ የካርበኑ ፕሮጀክት አካል ነበር። ቀድሞ የተሸጠ ካርበን እዚያ አለ፤ ገዢዎቹም ሪፖርታቸው ውስጥ ጽፈውታል። አቤቱታው ዳኞች ፊት መድረሱ፣ ከዚያ በፊት ነዋሪውን በቅርብ የሚሰማ ቦታ እንደጎደለ ያመለክታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ እየሰፋ ነው። የባሌ ደን ፕሮጀክት ግማሽ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ ፋርም አፍሪካ፣ ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል ኢትዮጵያና የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ከ60 በላይ ከሆኑ የደን ማኅበራት ጋር ይሠራሉ። ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ብቻ 5.5 ሚሊዮን ቶን ልቀት እንደቀረ ተረጋግጦለታል። በየካቲት 2023 ደግሞ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ጋር ለመላው ኦሮሚያ ደን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ስምምነት ፈረመች። በክፍፍሉ ዕቅድ ትልቁ ድርሻ፣ ሦስት አራተኛው፣ ለማኅበረሰቡ የተመደበ ነው። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ግን ከሁምቦ ሰባት ማኅበራት ወደ አንድ ሙሉ ክልል ሲኬድ ገንዘቡ የሚያልፍባቸው ጠረጴዛዎች ይበዛሉ፦ ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ማኅበር። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አውቆታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የበላይ ሥልጣንን ለጠቅላላ ጉባኤው ሰጥቶ፣ ከሥራ አመራር ኮሚቴው ሌላ የቁጥጥር ኮሚቴ እንዲኖር፣ ሒሳቡም እንዲመረመር ያዛል። ቁጥጥር ኮሚቴ የሚባለው ግን በብዙ ማኅበር ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ አባላቱ የሊቀ መንበሩ ጎረቤት፣ አበልጅ ወይም ዘመድ ናቸው፤ የኦዲት ሪፖርቱም ወረዳ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የካርበን ገንዘብ እንደ ሰሊጥ ወይም ቡና ሽያጭ በሚዛን አይታይም። ኩንታሉን ገበሬው ራሱ ይመዝነዋል፤ ቶኑን ግን ሌላ ሰው ነው የሚመዝንለት። ስለዚህ የካርበን ማኅበር ከቡና ማኅበር የበለጠ ቁጥጥር ይፈልጋል።

ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ማንን ይዟል? ተራራ ሲዘጋ ቀድመው የሚጎዱት ብዙ ጊዜ አባል ያልሆኑት ናቸው። መሬት የሌለው ወጣት ከሰል አክስሎ ይኖር ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ጭራሮ ለቅማ ገበያ ታወጣ ነበር። አባልነት በአባወራ ስም ሲመዘገብ ሚስት ከባሏ ጥላ ሥር ትቀራለች፤ ተራራውን ከማንም በላይ የምታውቀው ግን እሷ ናት። እነዚህን ሰዎች ደጅ አስቀርቶ ደኑን አስከብራለሁ ማለት፣ በሌሊት የሚገባውን መጥረቢያ በገዛ እጅ መሳል ነው።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት የደን ማኅበር አባል፣ የማኅበር ጸሐፊ፣ የወረዳ ባለሙያ ወይም ገጠር ዘመድ ያለዎት ከተሜ ከሆኑ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አራት ጥያቄዎች በአካባቢው ቋንቋ ይጠየቁ፣ መልሳቸውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ባለፈው ልኬታ ከደናችን ስንት ቶን ተረጋገጠ? ቶኑ በስንት፣ ለማን ተሸጠ? ከዚያ ውስጥ ለማኅበራችን የገባው ስንት ነው፣ የቀረው የት ቀረ? የተበደለ ሰው የት ሄዶ፣ ማንን ያናግራል? መልስ የሚሰጠው ሰው ‹ፕሮጀክቱን ጠይቁ› ካለ፣ ስብሰባው ሳይበተን የፕሮጀክቱ ሰው የሚመጣበት ቀን ይቆረጥ። ለኪዎቹ ሲመጡም የማኅበሩ አንድ ወጣትና አንዲት ሴት አብረዋቸው ተራራ ይውጡ፤ የሜትሩን ገመድ አንዱን ጫፍ እነሱ ይያዙ፣ የተለካውንም በራሳቸው ደብተር ይጻፉ።